በከሚሴ በረንዳ የተዘረጋው ፋይል

በ2011 ዓ.ም. ለአንድ የውርስ ጉዳይ ወደ ደሴ ስጓዝ ከሚሴ አደርኩ። ከጣርማበር ብርድ ወርዶ የቦርከና ሸለቆ ሙቀት የተቀበለው መንገደኛ ቀዝቃዛ ውኃ እንጂ ሌላ ነገር አያምረውም። እኔ ግን ለጠዋት የሚቀርብ አቤቱታ ማረም ነበረብኝና በሆቴሉ በረንዳ ላፕቶፔን ከፈትኩ። የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ይሄ የእርስዎ ይሆን?» ብሎ የራሱን ስክሪን አዞረልኝ። የእኔ ኮምፒውተር ስም፣ ከሥሩም «ውርስ» የሚል ፎልደር ይታያል። ሲጫነው ተከፈተ። የወራሾች መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ የኑዛዜ ቅጂ! ከሙቀቱ ይልቅ ሐፍረቱ አላበኝ።

ማንም አልጠለፈኝም። ቢሮ ውስጥ እኔና ጸሐፊዬ በአንድ ፋይል ስለምንሠራ ባለሙያው ፎልደሩን ለሁለታችን አጋርቶት ነበር። ለሁለታችን ይባል እንጂ የፈቀደው «ኤቭሪዋን» ለሚባለው፣ ማለትም ለሁሉም ሰው ነው፤ ያውም ያለ የይለፍ ቃል። ዊንዶውስ ደግሞ ያኔ አዲስ መስመር ሲያገኝ «ሌሎች ኮምፒውተሮች እንዲያዩህ ትፈቅዳለህ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ቸኩዬ «አዎ» አልኩ። በዚህች አንዲት ቃል የሆቴሉን መስመር እንደ ቢሮዬ ቆጠረው። «ፐብሊክ» የሚለውን መርጬ ቢሆን ኖሮ ፋየርዎሉ የፋይል ማጋሪያውን በር ይዘጋው ነበር።

ብዙዎቻችን በሕዝብ ዋይፋይ ላይ የምንፈራው መሐል ገብቶ የሚያነብብንን ነው። ዛሬ ባንኮችም ኢሜይሎችም መልእክታቸውን መስጥረው ስለሚልኩ ይህ ስጋት ቀንሷል። የተጋራ ፎልደር ግን ጠላፊ አያስፈልገውም። የጎረቤት ኮምፒውተር ይጠይቃል፣ የእኔው ይመልሳል፣ አለቀ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የይለፍ ቃልም የሚከለክለው የመንገድ አላፊውን እንጂ አብሮኝ ያደረውን እንግዳ አይደለም።

ይኸው በር ከዚህ የባሰም ያመጣል። በግንቦት 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች የተዛመተው በዊንዶውስ የፋይል ማጋሪያ ቀዳዳ ነበር። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ሕሙማን እስከ መመለስ ደርሰዋል። ማይክሮሶፍት መድፈኛውን ያወጣው ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በመጋቢት ነው። የተጎዱት ያላደሱት ናቸው። ፈቃድ የሌለው ዊንዶውስ አስጭነን ማደሻውን የምናዘጋ ሰዎች (እኔም ነበርኩበት) ልብ ልንል ይገባል።

ወደ ሙያዬ ልመለስና፣ ወጣቱ ፎልደሩን መክፈቱ ወንጀል ነው? የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 ያለ ፈቃድ ወይም ከፈቃድ ውጪ ሆን ብሎ የሌላውን ኮምፒውተር ወይም ዳታ ያገኘ ሰው እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ሊቀጣ እንደሚችል ይደነግጋል። በር ክፍት መሆኑ ፈቃድ አይደለም ብዬ እከራከር ይሆናል። ነገር ግን «ለሁሉም ሰው» ብዬ የፈቀድኩት እኔው ነኝ! የተከሳሽ ጠበቃ ብሆን ይህንን አልለቀውም ነበር። ከዚህ ይልቅ ተጠያቂነቱ ወደ እኔ ያዘነብላል። በጥብቅና አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የደንበኛ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለብኝ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰው መረጃ የሚይዝ ሁሉ ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርግ፣ ጥሰት ሲደርስም በ72 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል።

ያን ምሽት ወጣቱ ራሱ መስመሩን ወደ «ፐብሊክ» ቀየረልኝ፤ የፋይል ማጋሪያውንም አጠፋው። ሻይ ልጋብዘው ብል እምቢ አለ። አሁን መንገድ ላይ ስሆን የስልኬን ዳታ ለላፕቶፑ አካፍላለሁ፤ ብሩ ለደንበኛ ምስጢር ውድ አይደለም። ጉግል ድራይቭ ላይ የማስቀምጠውንም «ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ያንብብ» በሚል አላጋራም፤ ያም ሌላ ስም ያለው «ኤቭሪዋን» ነውና። የተቀባዩን ኢሜይል በስሙ እጽፋለሁ።

የቢሮው ፎልደርም አሁን የሚከፈተው ለእኔና ለጸሐፊዬ ብቻ፣ በይለፍ ቃል ነው። እርሷ ግን ቃሉን በወረቀት ጽፋ ስክሪኑ ጥግ ላይ ለጥፋዋለች። በዚህ ጉዳይ ገና ክርክር ላይ ነን።