ባር የማይቆጥረው ኪቦርድ

የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1982 ኤስኤች-101 የተባለ ሲንተሳይዘር ለገበያ አቀረበ። 32 ቁልፎች አሉት፤ በአንድ ጊዜ የሚያሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ባትሪ ድንጋይ ከገባለት መብራት በሌለበትም ይሠራል። እኔን የሚማርከኝ ግን ውስጡ ያለው ትንሽ ሲኩዌንሰር ነው። እስከ 100 እርምጃ ይመዘግብና ሳይታክት ደጋግሞ ይጫወታል።

ተጫዋቹ መመዝገቢያውን ተጭኖ ኖታዎቹን አንድ በአንድ ይነካል። መቸኮል አያስፈልገውም፤ ማሽኑ የሚይዘው የኖታዎቹን ተራ እንጂ የተነኩበትን ፍጥነት አይደለም። ዝምታ ሲፈለግ የዕረፍት ቁልፍ አለ፤ ዕረፍቱም እንደ ኖታው አንድ እርምጃ ይይዛል። ማጫወቻው ሲነካ ዜማው መጨረሻው ላይ ይደርስና ወዲያው ከመጀመሪያው ይቀጥላል። 4/4 ነው ወይስ 7/8 ብሎ የሚጠይቅ የለም። ስምንት ከተነካ በስምንት ይዞራል፣ ሰባት ከተነካ በሰባት፣ አሥራ አንድም ቢሆን እንደዚያው። ባር የሚባል ነገር ጭራሽ ስለማያውቅ ላልተለመደ ምት እንደ እሱ የሚመች ጥቂት ነው።

ጣዕሙ የሚወጣው ከድራም ማሽን ጋር ሲገናኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የዚያው ኩባንያ ቲአር-808 አንድን ባር በ16 እርምጃ ከፍሎ ይመታል። በየእርምጃው በሽቦ ምልክት እንዲልክ ከተዘጋጀ፣ ኤስኤች-101 ምልክቱን በተቀበለ ቁጥር አንድ ኖታ ወደፊት ይሄዳል። ዜማው ሰባት ኖታ ነው እንበል። ሁለቱም እኩል ይነሳሉ። ዜማው ለሁለተኛ ጊዜ ሲጀምር ግን ድራሙ ገና 8ኛው እርምጃ ላይ ነው፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሲጀምር 15ኛው ላይ። ያው ዜማ በዞረ ቁጥር ከከበሮው ጋር የሚገጥምበት ቦታ ይለወጣል፤ ስለዚህ ጆሮ ሌላ ዜማ የሰማ ይመስለዋል። እንደገና እኩል የሚነሱት ከ112 እርምጃ ማለትም ከሰባት ባር በኋላ ነው። በደቂቃ 120 ምት ከሆነ 14 ሰከንድ መሆኑ ነው።

ሰባት ኖታ ስለተደረደረ ብቻ ግን ሙዚቃ አይሆንም። መነሻው መለየት አለበት። ሰባቱን ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ከፍሎ በየክፍሉ መጀመሪያ ወፍራም ድምፅ ማስቀመጥ ይረዳል። ከበሮው ደግሞ በየአራት እርምጃው አንዴ ቢመታ ይበቃዋል፤ ሁለቱም ከተወሳሰቡ አድማጭ የሚይዘው ያጣል። ለውጥ ሲያስፈልግ ዜማው እየዞረ ሌላ ቁልፍ መንካት ይቻላል፤ ድምፁ በሙሉ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል፣ ቆጠራው ግን አይናጋም።

ይህ ለእኛም ቅርብ ነው። 6/8 የሆነው ችክችካ በ16 እርምጃ እኩል አይከፈልም፤ በ12 ግን በትክክል ይገባል። የዛሬዎቹ ብዙ ሲኩዌንሰሮችና የስልክ መተግበሪያዎች የእርምጃውን ብዛት ለመቀነስ ይፈቅዳሉ። ኪቦርድ የምትጫወቱ፣ ከፋብሪካ ተሞልቶ የመጣውን ስታይል ለአንድ ምሽት ዝጉትና ችክችካውን ራሳችሁ በ12 እርምጃ ሥሩት። ከላዩ የትዝታን አምስት ድምፆች በአምስት እርምጃ አዙሩ። ከበሮውና ዜማው እንደገና እኩል የሚነሱት ከ60 እርምጃ በኋላ ነው።