ከጦር ሰፈር ወደ ትምህርት ገበታ

ሰው በሕይወቱ ከሚያገኙት ፈተናዎች አንዱ፣ በአንድ ሙያ ዐዋቂ ተብሎ ከተከበረ በኋላ በሌላው ሙያ ጀማሪ ሆኖ እንደ ገና መቀመጥ ነው። ይህ ፈተና መሣሪያውን አስረክቦ ደብተር በሚይዝ ሰው ላይ እጅግ ይበረታል። ትናንት ሲያዝዝ ይታዘዙለት የነበረ የአሥር አለቃ፣ ዛሬ በዕድሜ ከታናሽ ወንድሙ ከሚያንሱ ወጣቶች መካከል ተቀምጦ የረሳውን ሒሳብና እንግሊዝኛ ከሥሩ ይጀምራል። እንዲህ ያለው ተማሪ በየሰበካው፣ ምናልባትም በአንባቢው በራሱ ቤት ይገኛልና፣ ቤተ ሰቡ ምን ሊያደርግለት እንደሚገባ በዚህ ጽሑፍ በጥቂቱ እንመለከታለን።

መሬትና ትምህርት

በቀድሞው ዘመን የአገራችን ወታደር የድካሙን ዋጋ የሚያገኘው በመሬት ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላም ለአርበኞች፣ ከስደት ለተመለሱና ለወታደሮች መሬት ሲታደል፣ ከታደለባቸው አገሮች አንዱ ስንዴና ገብስ የሚያበቅለው የአርሲ ደጋ ነበር። ነገር ግን ለተቀባዩ መተዳደሪያ የሆነው ያው መሬት፣ አስቀድሞ በላዩ ይኖር የነበረውን ገበሬ ጭሰኛ ያደረገበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ሥርዓት የየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሻረው።

ዛሬ በጭላሎ ተራራ ግርጌ ያለው እርሻ ለልጆች ሲከፋፈል እየጠበበ ሄዷል፤ ለተመላሽ ወታደር የሚቈረስ ጋሻ መሬትም የለም። ከማንም ሳይነጠቅ ሊሰጠው የሚቻል ርስት ቢኖር ትምህርት ነው። ይህም ርስት ቢሆን እንደ ማንኛውም መሬት በብዙ ድካም ካልታረሰ በቀር ፍሬ አይሰጥም።

የጉዳዩን ስፋት ለመገመት የቅርቡን ታሪካችንን ማስታወስ ይበቃል። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆኑትን ለአገልግሎት ይጠራ ነበርና፣ የብዙ ወጣቶች ትምህርት በመካከሉ ተቋረጠ። በ1983 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ራሳቸው ከትምህርት ገበታቸው ተነሥተው በሲዳሞ ወደሚገኘው የብላቴ ማሠልጠኛ ተላኩ፤ መንግሥቱ ሲወድቅም ብዙዎቹ ወደ ኬንያ ከተሰደዱ በኋላ ተመልሰው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በዚያው ዓመት የቀድሞውን ሠራዊት አባላት የሚያቋቁም ኮሚሽን ተሰይሞ 455,000 ያህል ወታደሮችን ወደ ሲቪል ኑሮ መለሰ። ለገጠሩ የእርሻ መሣሪያና ዘር፣ ለከተማው የሥራና የትምህርት ዕድል ለመስጠት ተሞከረ። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላም ከ140,000 የሚበልጡ ወታደሮች ተሰናብተዋል። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተነሣው የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከቆመ ወዲህም፣ በዚያው ዓመት የተቋቋመው ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370,000 በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ለማቋቋም ዐቅዶ ሥራውን በኅዳር 2017 ዓ.ም. በመቀሌ ጀምሯል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ትምህርቱን ለመቀጠል የሚመኝ ሰው መኖሩ የተረጋገጠ ነው።

የሚጠብቀው መንገድ

ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የተቈረቈረችው አሰላ፣ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የአርሲ ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። እንግዲህ በአርሲ ደጋ ከሚገኝ ቀበሌ አንድ ሰው እናስብ። በ18 ዓመቱ ከ11ኛ ክፍል ወጥቶ ወደ ጦር ሠራዊት ገባ፤ በ28 ዓመቱ ተሰናብቶ፣ ሚስት አግብቶና ልጅ ወልዶ ተመለሰ። ትምህርቱን ለመቀጠል ቢወድ ምን ይጠብቀዋል?

አስቀድሞ የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና አለ። ይህ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት በጀመረበት በጥቅምት 2015 ዓ.ም.፣ ለማለፊያ የሚያስፈልገውን 50 በመቶ ያገኙት ከ100 ተፈታኞች 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ለጥቂት ለሳታቸው ሪሚዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት ተከፍቶላቸዋል። ሳያቋርጡ የተማሩ ልጆች እንዲህ ከተቸገሩ፣ ዐሥር ዓመት መጽሐፍ ያልገለጠ ሰው ምን ያህል እንደሚከብደው ግልጥ ነው። ስለዚህ ወደ ፈተናው ከመቸኰል ይልቅ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል መጻሕፍትን አንሥቶ መሠረቱን ማጥናት ያስፈልገዋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም እንዲሉ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ደግሞ ሌላ እንግዳ ነገር ያገኘዋል። በጦር ሰፈር የመነሻውን፣ የመብያውንና የመተኛውን ሰዓት የሚወስንለት አለቃ ነበረው፤ ልብሱም ምግቡም በሥርዓት ይቀርብለት ነበር። በዩኒቨርሲቲ ግን ማለዳ የሚቀሰቅሰው የለም፤ ቢቀርም ፈልጎ የሚያመጣው የለም። መምህሩ ተናግሮ ይወጣል፤ ማንበብና ጊዜን መከፋፈል የተማሪው ፈንታ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከሚሰጡት ትምህርቶች እንግሊዝኛው፣ ሒሳቡና ሥነ አመክንዮው ሲያስጨንቁት፣ እንደ ቤቱ የሚሆንለት ምናልባት የአካል ብቃቱ ትምህርት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ሰዓት አክባሪነት፣ ትዕግሥት፣ የጀመሩትን ሳይጨርሱ አለመነሣት፣ እነዚህን ወጣቶቹ ገና የሚማሯቸው ሲሆን እርሱ ይዟቸው መጥቷል። ቀድሞ ለአለቃው ያሳየውን መታዘዝ ዛሬ ራሱ ለጻፈው የጥናት ሰሌዳ ቢያሳይ ብዙ ይጠቀማል።

የአበው ምሳሌ

በዕድሜ ጠንቶ ጀማሪ መሆን ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ድጓ አስመስክሮ መምህር የተባለ ሰው ቅኔ መማር በወደደ ጊዜ፣ ማዕርጉን ትቶ ከጀማሪዎቹ ጋር ይቀመጣል፤ ማንም አይንቀውም።

ግንቦት 14 ቀን የምናስበው አባ ጳኵሚስም የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ባለቤት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ገና የ20 ዓመት ያህል ወጣት ሳለ፣ ለሮማ ሠራዊት በግዴታ ተመለመለ። በላይኛው ግብፅ ከሌሎች ምልምሎች ጋር ተዘግቶበት ሳለ፣ የማያውቁት ክርስቲያኖች ምግብ አምጥተው አጽናኑት፤ ይህም ልቡን ለወጠው። ከውትድርና በተሰናበተ ጊዜ ተጠመቀ፣ ቀጥሎም በአረጋዊው በአባ ጰላሞን እግር ሥር ሰባት ዓመት ያህል ደቀ መዝሙር ሆነ። በኋላም የማኅበር ገዳማትን ሥርዓት ሲሠራ፣ ማንበብ የማይችል ሰው ወደ ገዳሙ ቢገባ ፊደል እንዲማር አዘዘ። በአገራችን ትውፊት አቡነ አረጋዊ ከእርሱ ደቀ መዛሙርት አንዱ ናቸው። እንግዲህ የተሰናበተው ወታደር አስቀድሞ ተማሪ፣ ኋላም የብዙዎች መምህር ሆነ፤ የነገሩም መነሻ በችግሩ ቀን እንጀራ ያመጡለት ሰዎች ናቸው።

ከሌላው ዓለም ደግሞ የአሜሪካንን ታሪክ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በጁን 1944 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የተመላሽ ወታደሮችን መቋቋሚያ ሕግ ሲፈርሙ፣ የሐርቫርዱ ፕሬዚዳንት ጄምስ ኮናንትና የሺካጎው ሮበርት ሀቺንስ ሕጉ የዩኒቨርሲቲዎችን ደረጃ ያወርዳል ብለው ሰግተው ነበር። ሆኖም 2.2 ሚሊዮን ያህል ተመላሾች ወደ ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በትጋታቸውም የጠራጣሪዎችን አሳብ አስለወጡ። በደቡብ ክፍላተ ሀገር የሚኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮች ግን በዘር አድልዎ ምክንያት ከዚህ ዕድል በብዛት ተከልክለዋል። ለእኛ ሊታሰብ የሚገባው ይህ ነው፤ ሕጉ ለላጤው በወር 50 ዶላር ሲመድብ ለባለ ቤተ ሰቡ 75 ዶላር መደበ። ተማሪው ሲጠግብ ቤቱ ቢራብ፣ ትምህርቱ እንደማይጸና ሕግ አውጪዎቹ ተረድተው ነበር።

የቤተ ሰብ ድርሻ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲው ለተማሪው መኝታና ምግብ ያዘጋጅለታል፤ ከ1996 ዓ.ም. በተጀመረው የወጪ መጋራት ሥርዓትም ተመራቂው ኋላ ከገቢው በከፊል ይከፍላል። በአገር ቤት ለቀሩት ሚስትና ልጆች ግን ከዚህ የሚደርስ የለም። ስለዚህ የጎደለውን የሚሞላው ቤተ ሰብና ጎረቤት ነው።

አንደኛ፣ ጊዜ ይሰጠው። በአርሲ ደጋ የስንዴና የገብስ አጨዳ የሚደርሰው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ የትምህርቱም ሥራ በሚበረታበት ወራት ነው። ለአጨዳ፣ ለልቅሶ፣ ለሰርግ ሁሉ ና የሚባል ተማሪ፣ ተማሪ ሊሆን አይችልም። ጎረቤቶቹ በደቦ አጭደው ቢወቁለት፣ ዕድሩም መቅረቱን ቢታገሠው፣ ለአገር የሚሆን ትልቅ ሥራ ሠሩ።

ሁለተኛ፣ ምክሩ ከሚስቱ ጋር ይሁን። እርሱ በዘመቻ ሳለ ቤቱን ብቻዋን የጠበቀች ሴት፣ ዛሬ ደግሞ ቢያንስ አራት ዓመት ያህል ጠብቂ መባልዋ ቀላል ነገር አይደለም። የዓመቱ ብዛት፣ የገንዘቡ ልክ፣ ወደ ቤት የሚመጣበት ቀን አስቀድሞ በግልጥ ይነገራት። ከውትድርና የተመለሰችውና ለመማር የምትወደው ሴት ራስዋ ስትሆን ደግሞ፣ ባልዋና እናትዋ ልጆቹን በመያዝ ያግዙአት።

ሦስተኛ፣ በጥያቄ አይጨነቅ። «ስንት ገደልህ? ስንት ሞቱብህ?» የሚል ጥያቄ ለሚጠይቀው ጨዋታ፣ ለሚጠየቀው ግን ቁስል መነካካት ነው። እንቅልፍ ቢያጣ፣ በድንገተኛ ድምፅ ቢደነግጥ፣ ያለ ምክንያት ቢቈጣ፣ ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር፤ ወደ ሐኪምም ይሂድ። በአሰላ የዩኒቨርሲቲው የማስተማሪያ ሆስፒታል አለና፣ ጸበልና ሕክምና እንደ ባላንጣ ሊታዩ አይገባም።

አራተኛ፣ የመጀመሪያው ውጤት ዝቅ ቢል አይነቀፍ። ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደር ለወጣቱ እንኳ አይበጅም፤ ለጐልማሳው ግን ደብተሩን የሚያስጥል ውርደት ነው። በጦር ሜዳ የጸና ሰው ከቤቱ በወጣ አንድ የፌዝ ቃል ትምህርቱን ቢተው፣ ወጣትነቱን አንድ ጊዜ ለጦርነት፣ ሁለተኛ ጊዜ ለኀፍረት ከፈለ ማለት ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር ሊታለፍ አይገባም። በዩኒቨርሲቲ ከየክፍሉ አገር የመጡ ተማሪዎች በአንድ መኝታ ቤት ያድራሉ። በአንዱ አልጋ ወንድሙን በጦርነቱ ያጣ፣ በሌላው አልጋ ደግሞ በማዶው ወገን የተሰለፈ ሰው ሊተኛ ይችላል። እነዚህ ሁለቱ አንዱን መጽሐፍ ተዋውሰው ቢያነቡ፣ በብዙ ስብከት የማይገኘው ዕርቅ በዚያ ተጀመረ። ልጁ ወደዚያ ክፍል ቂም ይዞ እንዳይሄድ ማድረግ የሚችለው ግን መምህሩ አይደለም፤ ማታ በእሳት ዳር ስለ ጠላትና ስለ ወዳጅ የሚናገሩት አባትና እናት ናቸው።

እንግዲህ፣ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ ወይም በጎረቤትህ እንዲህ ያለ ተማሪ ቢኖር፣ ምሽት መብራቱ ሳይጠፋ ብታየው ዝም ብለህ እለፍ፤ በማግሥቱም ከእርሻው አንዱን ትልም እረስለት።