ጣናን ያለበሰው እምቦጭ

እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም መነሻው የደቡብ አሜሪካው የአማዞን ተፋሰስ ነው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ግን ሐምራዊ አበባው ያማረካቸው ሰዎች ለኩሬ ማስጌጫ እያሉ ከአህጉር ወደ አህጉር አጋዙት። በትውልድ ስፍራው ቅጠሉን የሚበሉ ነፍሳት ልክ ያበጁለታል፤ በሄደበት አገር ሁሉ ግን የሚገታው ጠላት አልነበረም። ኢትዮጵያ ውስጥ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ላይ ሲሆን፣ ጣና ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ተክሉን ከውሃ አንስቶ ለሚያየው ሰው የመስፋፋቱ ምስጢር ግልጽ ነው። የቅጠሉ እጀታ ያበጠ ነው፤ ሲሰበር ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የቋጠረ ሆኖ ይገኛል፣ የሚያንሳፍፈውም ይኸው ነው። ከሥሩ የተንዠረገገው ጥቁር ጭፍርግ አፈር ሳይነካ ናይትሮጅንና ፎስፈረስን በቀጥታ ከውሃው ይመጥጣል። ምግብና ሙቀት ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ደግሞ በደለል ውስጥ 20 ዓመት ያህል ሳይሞት መቆየት ይችላል።

ምግቡን የሚያቀርብለት ሰው ነው። ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ማዳበሪያ የማድረግ ዘዴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ ከተፈለሰፈ ወዲህ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ከረሃብ ድኗል፤ ይህ ውለታ ሊዘነጋ አይገባም። ይሁን እንጂ ሰብሉ ያልተጠቀመበት ማዳበሪያ በጎርፍ ታጥቦ በዓለም ዙሪያ ወንዞችንና ሐይቆችን ያጨናንቃል። በጣና ዙሪያ ደግሞ ደኑ በተመነጠረበት ተዳፋት ላይ የሚታረሰው አፈር ፎስፈረሱን እንደተሸከመ በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ወንዞች ወደ ሐይቁ ይገባል። የከተሞች ፍሳሽም ይጨመርበታል።

አረሙ ሲደራረብ ብርሃን ወደ ውሃው አይዘልቅም። ኦክስጅን የሚያመነጩት ደቃቅ ዕፅዋት ይዳከማሉ፤ የሞተው እምቦጭም ሲበሰብስ የቀረውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ጉዳቱ የሚብሰው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው፤ የቀረሶ ዓሣ ጫጩቶች የሚያድጉት እዚያ ነውና። በጣና ብቻ የሚገኙት፣ ከአንድ ዘር ተነሥተው እዚያው ሐይቅ ውስጥ ወደ 15 ዝርያዎች የተለያዩት ባርበስ ዓሦች በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የላቸውም። ከእነርሱም በርካታዎቹ እንቁላል ለመጣል ክረምት ላይ ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ አረም የዘጋው የወንዝ አፍ ለእነርሱ የተቆረጠ መንገድ ነው። የደንገል ታንኳ ይዞ የሚወጣው ዓሣ አስጋሪም መረቡን የሚጥልበት ቦታ ያጣል።

ይኸው አረም በወረረው በቪክቶሪያ ሐይቅ ከደቡብ አሜሪካ የመጡ እምቦጭ በል ጢንዚዛዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ተለቀው አረሙ በእጅጉ ቀንሷል። ሆኖም ደለልና ፍሳሽ መግባታቸው ባልቆመበት፣ በኬንያ በኩል ባለው የዊናም ባሕረ ሰላጤ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ እያገረሸ አስቸግሯል።

በጣናም በሺዎች የሚቆጠሩ ገበሬዎች ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቆመው በእጃቸው ነቅለዋል፤ ማሽኖችም ተሰማርተዋል። ይህ ልፋት ክብር ይገባዋል። ነገር ግን የተነቀለው ዳር ላይ ተከምሮ ከቀረ በቀጣዩ ክረምት ውሃው መልሶ ይወስደዋል፤ ከላይ የሚወርደው አፈር ካልቆመም ለደለሉ ዘር ቀለቡ አይቋረጥም። ስለዚህ በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ተፋሰሶች የሚሠራው እርከንና የሚተከለው ዛፍ፣ እንዲሁም የከተሞቹ ፍሳሽ ማጣሪያ፣ ከነቀላው እኩል ገንዘብና ጉልበት ሊመደብላቸው ይገባል።