ለብረታ ብረት ሥራ ቤት የብየዳና የመቁረጫ መሣሪያ አመራረጥ

በርና መስኮት፣ አጥርና የውኃ ታንከር መቆሚያ የሚሠራ የብረታ ብረት ሥራ ቤት በአብዛኛው የሚይዘው ቱቦላሬ፣ አንግልና ላሜራ፣ ማለትም ውፍረቱ ከጥቂት ሚሊ ሜትር የማያልፍ ተራ ብረት በመሆኑ፣ የመሣሪያው ምርጫ መነሻ ሊሆን የሚገባው የብረቱ ዓይነትና ውፍረት፣ ቀጥሎም ቤቱ ያለው የመብራት መስመር እንጂ በማሽኑ ፊት ላይ በትልቁ የተጻፈው የአምፔር ቁጥር አይደለም።

በተለመደው የኤሌክትሮድ ብየዳ፣ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ60 እስከ 90 አምፔር፣ 3.2 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ ከ90 እስከ 130 አምፔር ገደማ ስለሚፈልግ፣ 160 አምፔርን በአስተማማኝ ሁኔታ የሚሰጥ ማሽን ለእንዲህ ያለው ሥራ ይበቃል። አስተማማኝነቱ የሚታወቀው ዲዩቲ ሳይክል በሚባለው ልክ ሲሆን፣ እርሱም ማሽኑ ከ10 ደቂቃ ውስጥ ስንቱን ሳያርፍ እንደሚበይድ ይገልጻል፤ 60 በመቶ ከተባለ 6 ደቂቃ በይዶ 4 ደቂቃ መቀዝቀዝ አለበት። ርካሽ ማሽኖች 250 ወይም 300 አምፔር ብለው ይህን ልክ በደቃቅ ፊደል ይጽፉታል፤ ጭራሽ የማይጽፉትም አሉ። እንዲህ ያለውን አለመግዛት ይሻላል።

ሻጮች እምብዛም የማያነሱት ሌላ ጉዳይ የአገሩ ከፍታ ነው። የብየዳ ማሽኖች ዓለም አቀፍ ደረጃ የሚወጣላቸው ከባሕር ጠለል እስከ 1,000 ሜትር ላለ ቦታ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች፣ አየሯም ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ በመሆኑ፣ የማሽኑ ማራገቢያ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል፤ የጄኔሬተር ሞተርም በዚያው ምክንያት ጉልበቱ ይቀንሳል። ስለዚህ በደጋ የሚሠራ ሰው በማሽኑ ላይ ከተጻፈው ልክ የተወሰነውን ቀንሶ ማሰብ ይኖርበታል።

ከባዱ ትራንስፎርመር መብራት ቢበላም አቧራንና የቮልት መዋዠቅን ይችላል፣ ሲቃጠልም ጠምጣሚ ይመልሰዋል፤ በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራው ኢንቨርተር ቀላልና መብራት ቆጣቢ ቢሆንም፣ ከግራይንደር የሚነሣው የብረት ብናኝ ወደ ውስጥ ገብቶ ሰርኪቱን ያቃጥልበታል። ባለ 220 ቮልት ነጠላ ፌዝ ብቻ ላለው ቤት ኢንቨርተሩ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን ከመቁረጫው ቦታ ርቆ መቀመጥ አለበት። ሽቦ እየመገበ በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚበይደው ማሽን ለስስ ላሜራ ቢመረጥም፣ ነፋስ ጋዙን ስለሚበትንበት ለደጅ ሥራ አይሆንም። አሉሚኒየም ለሚበይድ ደግሞ በአርጎን የሚሠራው ይሻለዋል።

ለመቁረጥ ግራይንደርና 355 ሚሊ ሜትር ዲስክ ያለው መቁረጫ የዕለት ሥራውን ይሸፍናሉ። 115 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ እስከ 13,300 ዙር ሲፈቀድለት 230 ሚሊ ሜትሩ ከ6,650 ዙር ማለፍ ስለሌለበት፣ መከላከያውን አውልቆ ትልቁን ዲስክ በደቂቃ 11,000 ዙር በሚዞር ትንሽ ግራይንደር ላይ መግጠም ዲስኩን ሊያፈነጥረው የሚችል፣ በምንም ምክንያት ይቅር የማይባል ልማድ ነው። ወፍራም ብረት ለሚቆርጥ የኦክስጅንና የአሴቲሊን እሳት አለ፤ የጋለው ብረት በኦክስጅን እየተቃጠለ የሚቆረጥበት ዘዴ ስለሆነ ግን አይዝጌ ብረትንና አሉሚኒየምን በዚህ መንገድ መቁረጥ አይቻልም፤ የአሴቲሊኑ ሲሊንደርም ምንጊዜም መቆም አለበት እንጂ አይጋደምም። ፕላዝማ መቁረጫ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍን ብረት ሁሉ ይቆርጣል፤ ሆኖም ኮምፕረሰር ስለሚጠይቅ፣ በቂ ትእዛዝ ሳይኖር መግዛቱ ገንዘብ ማሰር ነው።

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2017 የብየዳ ጭስን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ተራ መድቦታል፤ ስለዚህ 10 ወይም 11 ቁጥር ጥቁር መስታወት ያለው የፊት መከላከያና ጭሱን የሚያወጣ ማራገቢያ ከማሽኑ ጋር በአንድ በጀት ይገዙ እንጂ ለኋላ አይቆዩ።