የቆዳ ቦርሳንና ቦት ጫማን በክረምት ስለ መጠበቅ

በያዮና በመቱ አገር ዝናሙ ብዙ፥ ክረምቱም ረጅም ነው። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የያዮ የቡና ደን በዚህ እርጥበት ይለመልማል፤ ለቆዳ ግን ይኸው እርጥበት ጠላት ነው። ቆዳ የእንስሳ አካል ነበረና ሻጋታ ይመገበዋል፤ ይልቁንም ነፋስ በማይገባበት ሣጥን ወይም በፌስታል ውስጥ።

መምህሩ በሐምሌ ቦርሳውን ቆልፎበት ቢሄድ፥ በመስከረም ሲመለስ ሻጋታ ለብሶ ያገኘዋል። በውስጡ የተማሪዎች የውጤት መዝገብ ተረስቶ እንደ ሆነ ጕዳቱ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም።

የብራና መጽሐፍ በማኅደር ሆኖ በማንገቻው ከግድግዳ እንደሚሰቀል ሽማግሌዎች ያውቃሉ። ከምድር ይርቃል፥ ነፋስም ይዞረዋል። ቦርሳም እንዲሁ ይሰቀል፤ ነገር ግን አስቀድሞ ወረቀቱ ይውጣለት፥ ቅርጹም እንዳይጠፋ ደረቅ ጨርቅ ይግባበት።

ቦት ጫማ ከመቀመጡ በፊት ጭቃው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ፤ ከዚያም በጥላ፥ ነፋስ ባለበት ይድረቅ። ከምድጃ አጠገብ ማድረቅ ያጓጓል፤ እኔም አድርጌው በማግሥቱ ተኰማትሮና ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። እርጥብ ቆዳ እሳትን ከደረቁ ይልቅ አይችልምና። አሮጌ ጋዜጣ ወይም ደረቅ ጭድ በውስጡ ጠቅጥቆ፥ ሲርስ መለወጥ ይሻላል። ፈጽሞ ሲደርቅ የጫማ ቀለም በስሱ ይቀባ። ቅቤ የሚቀቡ አሉ፤ ይሸታል፥ አይጥም ይጠራል።

ቁልፍ የያዘው ጎረቤት በየ15 ቀኑ ገብቶ ይመልከት። ሻጋታ ቢያገኝ ዕቃውን ወደ ውጭ አውጥቶ በደረቅ ጨርቅ ይጥረገው፤ በቤት ውስጥ ቢያራግፈው ብናኙ ወደ ሌላው ይተላለፋል።