«ቴሌና ሳፋሪኮም ቢዋሃዱ» ለሚሉ

ከቆሰበር የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ወደ አዲስ አበባ የሚጭን ነጋዴ በስልክ ዋጋ እየተከራከረ ሳለ መስመሩ ቢቆረጥበት፣ አጠገቡ ካሉት አንዱ «ሁለቱ ቢዋሃዱ እኮ ኔትወርኩ ይጠነክር ነበር» ማለቱ አይቀርም።

ነገሩ ጨርሶ ከሜዳ የመጣ አይደለም። አንድ ጋራ ላይ ሁለት ታወር ማቆም ወጪው እጥፍ ነው። በብሪታንያ ቮዳፎንና ስሪ እንዋሃድ ሲሉ የተከራከሩትም በዚሁ ነበር። ተቆጣጣሪው ግን 11 ቢሊዮን ፓውንድ ኔትወርክ ላይ እንዲያፈሱና የተወሰኑ ታሪፎችን ለ3 ዓመት ከጣሪያ በላይ እንዳያሳድጉ አስገድዶ ነው የፈቀደላቸው፤ ውህደቱም በግንቦት 2017 ተፈጸመ። እዚያ ከ4 ኩባንያ 3 ቀሩ። እኛ ዘንድ ግን ኤምቲኤን በ2013 ያቀረበው 600 ሚሊዮን ዶላር አንሶ ስለተመለሰ ሦስተኛ የለም። ከሁለት አንድ ሲነሳ የሚቀረው፣ ሳፋሪኮም በ2014 ማብቂያ ድሬዳዋ ላይ ሥራ ሳይጀምር የነበርንበት ነው፦ ቴሌ ብቻውን።

ለዚህም መልስ የሚሰጡ አሉ። «ትልቁን ቅናሽ ያደረገው ብቻውን ሳለ አይደል እንዴ?» ይላሉ። ጠንካራ ሙግት ነው። በነሐሴ 2010 የሞባይል ኢንተርኔት በ43 በመቶ፣ የድምፅ ጥሪ በ40 በመቶ ሲቀንስ በገበያው ሌላ ኩባንያ አልነበረም። ጊዜውን ግን ልብ ይሏል፤ ኢሕአዴግ የኢትዮ ቴሌኮም ድርሻ ለግል ባለሀብት እንዲሸጥ መወሰኑ የተነገረው በዚያው ዓመት ግንቦት መጨረሻ ነበር። እኔ እስከሚገባኝ ዋጋውን ካወረዱት ነገሮች አንዱ የሚመጣው ሰው ኮቴ ነው።

ውህደቱን ከሚቃወሙት በኩል ደግሞ «ሁለት ኩባንያ ካለ ኢንተርኔት አይቋረጥም» የሚለው ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ሲዘጋ ሁለተኛ ሲም መያዝ መላ አልሆነም። ፉክክር የሚያስተካክለው ዋጋንና ጥራትን እንጂ የመዘጋት ትእዛዝን አይደለም።

የሚገርመኝ ግን ይኼኛው ነው፦ «ሳፋሪኮም የቴሌን ታወር ይጠቀማል፤ ድሮም አንድ ናቸው።» ታወር መጋራት ኪራይ ነው። ተከራይና አከራይ ታሪፋቸውን ለየብቻ ይወስናሉ፣ ደንበኛም ይሻማሉ። ከ07 ወደ 09 መደወል የሚቻለውም ሁለቱ ኔትወርኮች ስለተገናኙ እንጂ ባለቤታቸው አንድ ስለሆነ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለሁለቱም፣ ለመሠረተ ልማት መጋራትም ለኔትወርክ ትስስርም፣ ቦታ ሰጥቷል። እንግዲህ ከውህደት የሚጠበቀው ጥቅም፣ ማለትም ድርብ ታወር አለመትከል፣ ተፎካካሪን ሳያጠፉም ይገኛል ማለት ነው። ገጠር ቀበሌ ያለ ደንበኛ መጠየቅ ያለበት ኪራዩ ሁለተኛውን ኩባንያ ከአካባቢው የሚያሸሽ እንዳይሆን ነው፤ በዚህ ጉዳይ ዳኛው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።