ጥንታዊ ሸክላና ጥንታዊ መሳይ

አንድ የሸክላ ዕቃ ጥንታዊ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ የአፈሩን ዕድሜ የሚመለከት አይደለም፤ ዛሬ ገበያ የወጣ ጀበና የተሠራበት አፈርም ቢሆን ከዕቃው እጅግ በቀደመ ዘመን ከዐለት ተፈርፍሮ የተገኘ ነውና። የሚጠየቀው ያ አፈር ቅርጽ ይዞ እሳት የገባው መቼ ነው የሚለው ነው። ቀለም የተቀባ፣ የተቀረጸ ወይም የሰው ምስል የተደረገበት ሸክላ ሲገኝ ደግሞ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል፤ ጌጡ ዋጋውን ስለሚያንረው፣ አስመሳዮች አብልጠው የሚደክሙት እንዲህ ባለው ዕቃ ላይ ነው።

መልክ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም። ጥቀርሻ፣ የተሸራረፈ አፍና አፈር የለበሰ ገጽ በጥቂት ወራት ሊመጡ የሚችሉ ናቸው፤ በተለይ እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑ ሸክላ ሠሪዎች እስከ ዛሬ ድረስ ዕቃውን ያለ መሽከርከሪያ በእጃቸው እያበጁ ሜዳ ላይ በእንጨት፣ በሣርና በኩበት ስለሚተኩሱት፣ ጥቂት ዓመታት ያገለገለ ገንቦ ከጥንታዊው ጋር በመልክ ሊምታታ ይችላል። ከመሬት በወጣ ሸክላ ላይ የሚታየው ነጭ የኖራ ቅርፊትና የሥር ዱካ የተሻለ ምልክት ቢሆንም፣ እሱም በሙጫ የተለጠፈ አፈር እንዳይሆን መመርመር አለበት።

ከመልክ ይልቅ የአሠራሩ ዱካ ብዙ ይናገራል። ኒው ዮርክ የሚገኘው የሜትሮፖሊታን የሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1921 ባለው ጊዜ ሁለት ጦረኞችንና አንድ ትልቅ ራስ የሚያሳዩ ሦስት የሸክላ ምስሎችን የኤትሩስካውያን ሥራ ናቸው ብሎ ገዛ። ኤትሩስካውያን ሮም ከመግነኗ በፊት በመካከለኛው ኢጣልያ የኖሩ ሕዝቦች ሲሆኑ፣ ከጦረኞቹ ትልቁ ቁመቱ 2 ሜትር ከ40 ሴንቲሜትር ያህል ነበር። ምስሎቹ ከ1933 ጀምሮ ለሕዝብ ሲታዩ ቆይተው በ1961 ሙዚየሙ ራሱ ሐሰተኛ መሆናቸውን አስታወቀ። ያጋለጣቸው ጥቁሩ ቀለም ነው። የሙዚየሙ ባልደረባ ጆሴፍ ኖብል እንዳጠናው፣ የጥንቶቹ ሠሪዎች ጥቁር ቀለም የሚያገኙት ከሌላ ማዕድን ሳይሆን በራሱ በጭቃው ውስጥ ካለው ብረት ነበር፤ ብረቱ አየር በሚገባበት እሳት ይቀላል፣ እሳቱ ሲታፈን ደግሞ ይጠቁራል። በጦረኞቹ ጥቁር ቀለም ውስጥ ግን ማንጋኒዝ የተባለው ማዕድን ተገኘ። ከዚህም ሌላ፣ ያን ያህል ግዙፍ ጭቃ ሳይሰነጠቅ ሙሉውን ይተኮስ ዘንድ እንፋሎቱ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ያስፈልጉት ነበር፤ ምስሎቹ ግን አልነበሯቸውም፤ ከመተኮሳቸው በፊት ሆን ተብሎ ተሰባብረው ነበርና። ከሠሪዎቹ አንዱ የሆነው አልፍሬዶ ፊዮራቫንቲ በዚያው ዓመት አድራጎቱን ያመነ ሲሆን፣ ከአንዱ ጦረኛ እጅ የጎደለውንና እሱ ዘንድ የነበረውን አውራ ጣት ሲያቀርብ ልክክ ብሎ ገጠመ። እነዚህ ሰዎች በሥዕልና በመጻሕፍት የሚታየውን ሁሉ አሳምረው ኮርጀዋል፤ በዘመናቸው ገና ያልታወቀውን የአተኳኮስ ጥበብ ግን ሊኮርጁት አልቻሉም።

ተመሳሳይ ምርመራ ለአክሱም ሸክላም ይሠራል። የአክሱም ዘመን የአገር ውስጥ ዕቃ በፈጣን መሽከርከሪያ ያልተሠራ በመሆኑ፣ ውስጡ ወጥ የሆኑ የመሽከርከሪያ ቀለበቶች የሚታዩበት ዕቃ የአገሬው ሥራ ነው ቢባል ያጠራጥራል። በእርግጥ ዛሬ አቃባ ከምትባለው ከአይላ እንደሚመጡት ሸንተረራማ እንስራዎች ያሉ በመሽከርከሪያ የተሠሩ ዕቃዎችም አክሱም ይገቡ ነበር፤ እነሱ ግን ጭቃቸውም ቅርጻቸውም ሌላ ነው።

አሠራሩ ካልለየ ቤተ ሙከራ ይቀጥላል። ቴርሞሉሚነሰንስ የተባለው ዘዴ በጭቃው ውስጥ ያሉትን የኳርትዝና የፌልድስፓር ቅንጣቶች ይመረምራል። በሸክላውና በአካባቢው አፈር ያሉት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም በሚለቁት ጨረር ምክንያት እነዚህ ቅንጣቶች እንደ ጎተራ ከዓመት ዓመት ኃይል ያጠራቅማሉ፤ ዕቃው በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢና ከዚያ በላይ ሲተኮስ ግን ያጠራቀሙት ይራገፋል። በመሆኑም ከማይታየው የዕቃው ክፍል ጥቂት ዱቄት ተሰርስሮ እንደገና ሲሞቅ፣ የሚፈነጥቀው ደካማ ብርሃን ከመጨረሻው ብርቱ እሳት ወዲህ ያለፈውን ዘመን ይጠቁማል። እ.ኤ.አ. በ1971 የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች በቱርክ የምትገኘው የጥንታዊቷ የሐጂላር መንደር ሥራ ናቸው የተባሉ 66 ዕቃዎችን በዚህ ዘዴ ሲፈትሹ፣ 48ቱ አዲስ ሥራ ሆነው ተገኙ።

ሆኖም ይህም ዘዴ ሊታለል ይችላል። አስመሳዮች አዲሱን ዕቃ ለጨረር ያጋልጡታል፤ ከእውነተኛ ጥንታዊ ጡብ ምስል ይፈለፍላሉ፤ ወይም ከተለያዩ ዕቃዎች የተገኙ አሮጌ ገሎችን አገጣጥመው የጎደለውን በአዲስ ጭቃ ይሞላሉ። እንዲህ ባለው ዕቃ የአንድ ቦታ ናሙና እውነት እየተናገረ ዕቃው ሐሰት ይሆናል፤ ስለዚህ ጥንቁቅ መርማሪ ከአንድ በላይ ከሆኑ ቦታዎች ናሙና ይወስዳል።

ለማታለል እጅግ የሚያስቸግረው ማስረጃ ሸክላው የተገኘበት መሬት ነው። ባልተነካ የአፈር ንብርብር ውስጥ የተገኘ ተራ ገል፣ አብሮት ባለው ሳንቲም፣ ከሰልና አጥንት ዘመኑ ሊታወቅ ሲችል፣ ተቆፍሮ ወጥቶ የተሸጠ የተዋበ ዕቃ ግን ይህን ሁሉ ያጣል፤ እውነተኛ መሆኑ ቢረጋገጥ እንኳ የማን እንደነበረና ለምን እንዳገለገለ የሚመሰክርለት አይኖርም፤ ይህም ከሐሰተኛው ንግድ ያላነሰ ጉዳት ነው። በኢትዮጵያ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው የቅርስ ባለሥልጣን እንዲያሳውቅና እስኪረከበው ድረስ እንዳለ ጠብቆ እንዲያቆይ የሚያስገድደው ያለ ምክንያት አይደለም። ቤት ሲሠራ ወይም ማሳ ሲታረስ ሸክላ ብቅ ሲል ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማጠብ ነው፤ ውኃው ግን ከአፈሩ ጋር ብዙ ነገር ይወስዳል። በዕቃው ላይ የቀረው ጥቀርሻ በካርቦን 14 ሊመረመር የሚችል ሲሆን፣ ያልተለሰነ ሸክላ ግድግዳው ቀዳዳማ ስለሆነ የያዘውን ቅባት ወደ ውስጡ ይመጥጣል፤ ያ ቅሪት ከዘመናት በኋላም በቤተ ሙከራ ሲመረመር፣ በዕቃው ውስጥ የነበረው የእንስሳት ስብ ይሁን የዕፀዋት ዘይት ለመለየት ያስችላል።